ቁልፉ የት ገባ? ዕቃ ለሚጠፋባቸውና መርሳት ለጀመራቸው ወላጆች ቤትን የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

«አሁን ነግሬሽ የለም እንዴ?» የሚል ቁጣ ቁልፍ አስገኝቶ አያውቅም። የሚረሳ ሰው ሲቆጡት ይሸማቀቃል፤ ሲሸማቀቅ ሐሳቡ ይበተናል፤ ከዚያ ቀጥሎ የያዘውንም የሆነ ቦታ ጥሎት ይሄዳል። የሚያዋጣው የማስታወሱን ሥራ ከሰውየው ላይ አንስቶ ለቤቱ መስጠት ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ከእናት፣ ከአባት ወይም ከአያት ጋር ለሚኖሩ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰውም ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ለራሱ ሊሠራበት ይችላል።

1. የትኛው መርሳት እንደሆነ ለዩ

አብዛኛው ዕቃ የሚጠፋው ሲቀመጥ ልብ ስላልተባለ ነው። አንድ እጅ ቁልፍ ሲያኖር ሌላው የሚጮኸውን ስልክ ካነሳ፣ ሐሳብ ከስልኩ ጋር ይሄዳል። ልብ ያልተባለ ነገር ደግሞ በኋላ ቢያስቡትም አይመጣም። ይህ በወጣትም ላይ ይደርሳል። ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መከታተል እየከበደ ስለሚሄድ ነው።

ቀፊራ ገበያ አምስት ነገር ለመግዛት ወጥቶ አንዱን ረስቶ መመለስ የዕድሜ ነው። ሽንኩርት ገዝቶ ገብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳግም ለሽንኩርት መውጣት፣ ወይም ዕድሜ ልክ በተመላለሱበት መንገድ ላይ መደናገር ግን የዕድሜ አይደለም። የጎረቤት ስም ጠፍቶ ማታ ድንገት ብቅ ቢል አያሳስብም። መነጽር ቴሌቪዥኑ ላይ ቢረሳም እንደዚያው። መነጽሩ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ተገኝቶ ሰውየው እንዴት እዚያ እንደገባ ጨርሶ ካላወቀ፣ ይህም ከደጋገመ፣ መመርመር አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን የኖሩበት ሥራ ነው። ለ50 ዓመት ቡና ስታፈላ የኖረች እናት አንድ ቀን ስኳር ብትረሳ ምንም አይደለም። የቆላችውን ቡና ሳትወቅጥ መልሳ ምጣድ ላይ ካደረገች፣ ጀበናውን ውሃ ሳትጨምርበት ባዶውን ከጣደችው፣ ወይም አቦሉ ሳይቀዳ ቶናውን ካለች፣ የጠፋው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ይህን የሚያየው አብሯት ረከቦት ፊት የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው፤ ሐኪም በአሥር ደቂቃ አያገኘውም። ስለዚህ ያያችሁትን ይዛችሁ ሂዱ።

ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው አጫጭር መፈተኛዎች አንዱ ሦስት ቃል ማስያዝ (ለምሳሌ ሎሚ፣ ባቡር፣ ወንበር)፣ መሃል ላይ የሰዓት ሥዕል እንዲስል ማድረግ፣ ከዚያ ቃላቱን መልሶ መጠየቅ ነው። እኛ አገር ሲሠራበት ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ እንዲሳል የሚጠየቀው 11:10 ነው፤ በእኛ አነጋገር ይህ «አምስት ሰዓት ከአሥር» ነው። ቤቱ ያለው ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ አጭሩ ዘንግ 5 ላይ ይውላል፣ ካልሆነ 11 ላይ። ሁለቱም ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሰዓት መሳል ቢያቅተው ስለ ማስታወስ ችሎታው የሚነግረን የለም። ለእንዲህ ያለ ሰው የገንዘብ መልስ ማስቆጠርና የቡናውን ሥራ መከታተል ይሻላል። ጥያቄውም ባደገበት ቋንቋ ይሁን። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አፉን የፈታን ሰው በአማርኛ ብቻ ፈትኖ «ረስቷል» ማለት ስህተት ነው።

2. ሁለት ሳምንት መዝግባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ

አንድ ተራ ደብተር ግዙና በየቀኑ ምን እንደጠፋ፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደተገኘ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጻፉ። ከ14 ቀን በኋላ መልኩ ይወጣል። ዕቃው የሚጠፋው ሁልጊዜ ከሰዓት ከሆነ ድካም ወይም ሙቀት አለበት። ከጠዋት መድኃኒት በኋላ ከሆነ መድኃኒቱን ጠርጥሩ።

ለምርመራ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉንፋኑንም የእንቅልፉንም፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ለሕመም ወይም ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ዲያዜፓም፣ ለጉንፋንና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚን አረጋውያንን ያፈዛሉ፣ ያስረሳሉ። ሆኖም ራሳችሁ አታቋርጡ። በተለይ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ቀስ እያለ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙን ስለ ቫይታሚን ቢ12፣ ስለ ታይሮይድ፣ ስለ ደም ስኳር፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ሽንት ምርመራ ጠይቁት። ቢ12 ሲያንስ ማስታወስ ይዳከማል፣ እግርም ይደነዝዛል። ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስድ ሰው ለዚህ ቅርብ ነው። የድባቴ ሕመምም መርሳት መስሎ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ የሚታከሙ ናቸው፤ «እርጅና ነው» ብሎ ቤት ከመቀመጥ የሚበልጥ ጥፋት የሌለው ለዚህ ነው። ጆሮና ዓይንም ይታይ። ያልሰማውን ነገር ማንም አያስታውስም፤ የጆሮ ኩክ በማስጠረግ ብቻ ግማሹ «መርሳት» የሚጠፋበት ቤት አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል የመስማትና ያልታከመ የማየት ችግርን ቆጥሯቸዋል።

ቀጠሮ የማይጠብቅም አለ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ከተወናበደ፣ ፊቱ ከተጣመመ፣ አንደበቱ ከተያዘ ወይም ትኩሳት ካለው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና አለ። ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ አረጋዊም ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ መደናገር ከጀመረ ውስጥ ደም ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር፦ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ፀሐይ ሲከር አረጋውያን ጥሙ ብዙም አይሰማቸውም፤ ውሃ ያነሰው ሰው ደግሞ ይዘባርቃል። የአንድ ሊትር ተኩል ፕላስቲክ ጠዋት ሞልታችሁ አጠገባቸው አኑሩ፤ ማታ የቀረው ይታያል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ምርቃናው እንቅልፍ ይሰርቃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ዕቃ ይጥላል። «ተው» ብሎ መጨቃጨቅ ለውጥ አያመጣም። በርጫውን (ጫት የሚቃምበትን ጊዜ) ወደ ቀትር ማምጣትና መጠኑን መቀነስ ግን ብዙዎች የሚስማሙበት ነው።

3. ለአምስት ዕቃ ብቻ ቋሚ ቦታ ስጡ

ቁልፍ፣ ስልክ፣ መነጽር፣ የገንዘብ ቦርሳ፣ መታወቂያ። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቀን ለማደራጀት የተነሳ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የቤቱን መልክ ያለ ልክ መለወጥ ራሱ የሚረሳን ሰው ያደናግራል። ወንበሩና አልጋው የነበሩበት ይቆዩ።

ቦታውን እናንተ አትምረጡ። ሦስት ቀን ተከታተሉና እናት ወይም አባት በር ከፍተው ሲገቡ እጃቸው መጀመሪያ የሚያርፍበትን እዩ። ቦታው እዚያ ነው። ቁመቱ ከወገብ እስከ ትከሻ፣ ከበሩ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠርዙ ዝቅ ያለ ትሪ አስቀምጡ፣ በላዩ ላይ ግድግዳው ላይ ሁለት መስቀያ ምቱ። መሳቢያና ክዳን ያለው ሳጥን አይሆንም፤ የተከደነ ነገር ለሚረሳ ሰው የለም ማለት ነው።

ቀለሙ ወሳኝ ነው። በሐረሪ ቤት ነደባው (ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ) ቀይ ነው፣ ምንጣፉም ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ያደላል፤ ቀይ ቦርሳና ቀይ ማንጠልጠያ እዚያ ላይ ሲወድቁ ዓይን አያገኛቸውም። ቢጫ ወይም ነጭ ምረጡ። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት ጎድጓዳ መደርደሪያዎችም ቤቱን ያሳምሩታል እንጂ ለሚረሳ ሰው ወጥመድ ናቸው፣ ዕቃ በየትኛውም ሊገባ ይችላልና። አንዱን፣ በዓይን ትክክል ያለውን፣ ለአምስቱ ዕቃ ለዩ፤ ሌሎቹን በሰሃንና በስፌት ሙሏቸው፣ ክፍት ቦታ እንዳይቀር።

ቁልፉ ላይ የሁለት ጣት ስፋትና የስንዝር ርዝመት ያለው ቢጫ ጨርቅ እሰሩ። ትንሽ ቃጭል ብትጨምሩበት ሲወድቅ ይሰማል። ትርፍ ቁልፍ አስቀርጹና አንዱን የምታምኑት ጎረቤት ዘንድ አኑሩ። መነጽሩ የአንገት ገመድ ይኑረው። ስልኩ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይከፈት፣ ቻርጀሩ ከትሪው አጠገብ ካለው ሶኬት አይነቀል። ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ 2 እና 3 ቁጥር ላይ የሁለት ልጆችን ስልክ በአቋራጭ ጥሪ ሙሉ። የፋይዳ መታወቂያውንና የጡረታ ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ በሁለት ልጆች ስልክ አስቀምጡ፤ ዋናው እቤት ይቆይ፣ ኪስ ውስጥ ኮፒው ይዙር።

ከዚያ አንድ ልማድ አስለምዱ፦ ዕቃውን ሲያኖሩ ጮክ ብሎ መናገር። «ቁልፉን ሰቀልኩ»፣ «መነጽሬን ትሪው ላይ አደረግኩ»። መጀመሪያ ያስቃል፤ ግን አፍ ሲናገር ሐሳብ እዚያው ላይ ስለሚያርፍ ዕቃው በልብ ይያዛል። ልጆቹም አብረው ይበሉት፤ እናት ብቻዋን ከሆነች በሁለተኛው ቀን ታፍራለች።

4. ሲጠፋ የፍለጋው ሥርዓት

ቤቱን አትገለብጡ፤ ዕቃ ከቦታው በተነሳ ቁጥር ሁለተኛ የሚጠፋ ነገር ይፈጠራል። ሰውየውን አስቀምጡና ውሃ ስጡ። «የት አስቀመጥሽው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ መልሱን ብታውቅ አይጠፋም ነበር። «ከዚያ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» በሏት። የጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ለማንሳት እጅ በተዘረጋበት ቦታ ነው፤ መነጽሩ ስልኩ በተነሳበት፣ ቁልፉ ፌስታሉ ባረፈበት።

ፍለጋውን ከሰውነት ጀምሩ። የእናቶች ገንዘብ መቀነት ውስጥ፣ የነጠላ ወይም የሻሽ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይገኛል። የአባቶች ደግሞ ሽርጡ ወገብ ላይ በታጠፈበት፤ ሲነሱ ተንሸራቶ ፍራሹና ግድግዳው መሃል ይገባል። በርጫ ከነበረ ገረባው (የጫቱ ትርፍራፊ) ሳይጣል በእጅ ይታይ፤ ቁልፍና ትንሽ ስልክ ከገረባ ጋር ተጠርጎ ፍየል ፊት የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ ትራስና ፍራሽ ሥር፣ የተጠቀለለ መስገጃ፣ የዳዊት ማኅደር፣ የቡናና የበርበሬ ቆርቆሮ፣ የዱቄት ጆንያ። መጨረሻ ላይ ቆሻሻው። አንድን ክፍል ከበሩ በስተቀኝ ጀምራችሁ ዙሩና ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ። ስታገኙት በየት እንደነበር ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ መደበቂያዎች ይደጋገማሉ።

5. «ሰረቁኝ» ሲመጣ

ይህን የሚያህል ቤት የሚያምስ የለም። የሚረሳ ሰው ራሱ የደበቀውን ሲያጣ፣ መደበቁን ስለማያስታውስ የሚቀረው ማብራሪያ አንድ ነው፦ ተሰረቅኩ። መጀመሪያ የምትጠረጠረው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከገጠር የመጣች ልጅ ባልወሰደችው የጆሮ ወርቅ ደመወዟ ተይዞ ትባረራለች፤ ወርቁ ከሦስት ወር በኋላ ከስኳር ቆርቆሮ ሥር ይወጣል። ሠራተኛ ከመክሰሳችሁ በፊት የአራተኛውን ደረጃ ፍለጋ ጨርሱ።

እናት «ወርቄን ይህቺ ልጅ ወሰደችው» ስትል «ውሸት ነው፣ ራስሽ ነሽ የደበቅሽው» ማለት ጠብ ይወልዳል። «ልክ ነው አቦ» ብሎ መደገፍ ደግሞ ልጅቷን ይጎዳል። መሃሉ ይህ ነው፦ «ወርቅሽ መጥፋቱ ያናድዳል እማ። ነይ አብረን እንፈልግ።» ስታገኙት እሷ እንድታነሳው አድርጉ፤ እናንተ ካነሳችሁት እናንተ ትጠረጠራላችሁ። በድሬ አንቱታ ባይለመድም የድምፅ ቃና ያው አክብሮት ነው፤ እንደ ሕፃን አታባብሏት።

ወርቁን ቀድማችሁ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ፤ ይህን ስታደርጉ ሁለት ልጆች አብራችሁ ሁኑ፣ በኋላ በወንድማማች መካከል ወሬ እንዳይነሳ። ዋና ዋናው በአንድ ሰው ኃላፊነት ይቀመጥ፣ የምታዘወትረው አንድ ሁለት ጌጥ እጇ ላይ ይቅር። በቦርሳዋም የዕለቱን ብር ብቻ ያዙላት። ባዶ ቦርሳ ግን አይሁን፤ ገንዘብ የለኝም የሚለው ስጋት ሌላ ፍለጋ ይጀምራል።

6. መድኃኒት

ሰባት ክፍል ያለው የክኒን ሳጥን ከተገኘ ጥሩ፤ ከሌለ ሰባት ትናንሽ ፖስታ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይሙላ። ባዶው ፖስታ መወሰዱን ይናገራል። የተረሳን መጠን ለማካካስ ሁለት አታድርጉ።

ሰዓቱን በቁጥር አትጻፉ። ውጭ አገር ያለ ልጅ «በ8 ሰዓት ውሰጂ» ሲል ጠዋቱን ማለቱ ነው፤ እናት ግን ከምሳ በኋላ ትውጠዋለች። «ከቁርስ ጋር»፣ «ከመኝታ በፊት» ብላችሁ ጻፉ። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላሚድ ለሚረሳ ሰው እጅ አይተዉም፤ ሌላ ሰው ይስጥ። ሁለት ጊዜ ከተወሰዱ ስኳር ወርዶ ራስ ያስታል፣ የወረደው ስኳር ደግሞ ሌላ መደናገር ይጨምራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ሲከፈትም በድሬ ሙቀት መስኮት ሥር ወይም ቴሌቪዥን ላይ ማኖር ማበላሸት ነው።

7. እሳት

የጋዝ ሲሊንደሩ ዋና መዝጊያ በየማታው ይዘጋ፣ ኃላፊነቱም የአንድ ሰው ይሁን። ጀበና ሲጣድ የስልክ ማንቂያ 15 ደቂቃ ላይ ይሞላ። የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

8. ወጥተው ሲጠፉ

በየልብሱ ኪስ፣ በአንድ ልብስ ብቻ ሳይሆን፣ ስም፣ ሰፈርና ሁለት ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ በፕላስቲክ ለብጣችሁ አኑሩ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ። ሰፈሩን በምልክት ግለጹት፣ የመስጊዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የወፍጮ ቤቱን ስም። የሰፈሩን ባለ ሱቅና ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች አስቀድማችሁ አስተዋውቁ፤ ነውር የለውም፣ ቀድሞ የሚያያቸው እነሱ ናቸው። የወላጃችሁ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር።

መጥፋታቸው ሲታወቅ አንድ ሰው ቤት ይቅር፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ተመልሰው ባዶ ቤት ያገኛሉ። ሌሎቹ በሁለት አቅጣጫ ውጡ። መድረሻው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ነው፦ የቀድሞ ቤት፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤት፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ከዚራ ወዳለው ባቡር ጣቢያ (ለገሃር)፣ ነጋዴ የነበረች ወደ መጋላ ሰፈር። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆነ መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ ሁሉንም ማሰስ ጊዜ ይበላል፤ በየበሩ፣ በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር፣ በፈላና በርና በሐረር በር፣ አንድ አንድ ሰው አቁማችሁ ከዚያ ወደ ውስጥ ፈልጉ። ድሬዳዋ ላይ ክረምት ከሆነ የደቻቱ ወንዝ ቅድሚያ ያግኝ። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሳለ ከላይ ደጋ በዘነበ ዝናብ ጎርፍ በደቂቃዎች ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተገኙ ፖሊስ ይነገረው፤ 24 ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም።

ሲገኙ ከጥያቄ በፊት ውሃና ጥላ። እግራቸውን፣ ጉልበታቸውንና ጭንቅላታቸውን እዩ፤ ወድቀው ይሆናል። በማግስቱ በውጭው በር ላይ ስትከፈት የምትጮህ ደወል ስቀሉ። በሩን ከውጭ ቆልፎ ብቻቸውን ትቶ መሄድ ግን አይደረግም፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም።